የሲስተር ርብቃ ማሞቂያ

ሲስተር ርብቃ ሳሎኗ ውስጥ የእንጨት ማሞቂያ ልታስተክል መሆኑን ወንድሟ ኃይለሚካኤል የሰማው ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ከሰው አፍ ነው። ነገሩ ከማሞቂያው በላይ አቃጠለው።

ርብቃ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሆሳዕና መሀል ያለውን ሰፊ ቤት ብቻዋን ትኖርበታለች። ኃይለሚካኤል ደግሞ ታላቅ ወንድም ነውና ያስብላታል። በእሱ ጓሮ ያለችው ክፍል ትበቃታለች፤ ሰፊውን ቤት እሱ ያከራይላታል። ክረምት በመጣ ቁጥር «የዚህ ቤት ብርድ አይቻልም» እያለ ሲያግባባት ኖሯል። መብራት በጠፋ ቁጥር የኤሌክትሪክ ማሞቂያዋም የእሱን ወገን ትይዝለት ነበር።

የእንጨቱን የሠራው ተረፈ የሚባል በያጅ ነው፤ ሽበታም፣ ዝምተኛ፣ የሸሚዙ እጅጌ በብየዳ ፍንጣሪ የተበሳሳ ሰው። አሮጌ በርሜል ቆርጦ በር አወጣለት፤ ቱቦውን በጣሪያው ቆርቆሮ አሳልፎ ዙሪያውን ደፈነው። ባሕር ዛፉ ሲነድ ሳሎኑ ሞቀ። ኃይለሚካኤል ሊያይ መጥቶ ካፖርቱን እንደለበሰ ተቀመጠ።

«ብዙም አይሞቅም» አለ፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ።

ብዙ ሳይቆይ ማሞቂያው ይጨስ ጀመር። ተረፈ ተጠራ። ወጣ፣ ጠረገ፣ ወረደ፣ ምሳ ቀረበለት፣ ሄደ። እንደገና ጨሰ። እንደገና መጣ። ሐምሌ በዚሁ አለቀ።

ኃይለሚካኤል አዘነ። ሐዘኑ ደስ አለው።

«ሰውዬው ሆን ብሎ ነው የሚያበላሸው» አላት። «ባል የሌላት ሴት ቤት አይቶ ነው። ዓይኑን ቤቱ ላይ ጥሏል።»

«ቤቱንማ የማያየው ማን አለ፣ ጋሼ?» አለች ርብቃ፣ አዲስ የተሠራችውን ሹሩባ እየነካካች።

«እኔ ወንድምሽ ነኝ።»

«እሱማ ነህ።»

ኃይለሚካኤል በቀጥታ ወደ ተረፈ ጋራዥ ሄደ።

«ምንድን ነው የምትሠራው? እህቴን በጭስ ልትጨርሳት ነው?»

ተረፈ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «እኔም ግራ ገብቶኛል፣ ጋሼ። ጠርጌው እወርዳለሁ፤ ተመልሼ ስወጣ ቱቦው ውስጥ ጨርቅ አገኛለሁ። ወፍ ናት ብዬ የሽቦ ወንፊት በብሎን አሰርኩበት። እሱንም ፈታችው።»

«ወፍ ብሎን ትፈታለች?»

«ግራ ገብቶኛል ያልኩዎት እኮ እሱን ነው።»

ኃይለሚካኤል ይህን ጥፋትን እንደ ማመን ቆጠረው። እጅ ከፍንጅ ሊይዘው ወሰነ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እህቱ ጓሮ፣ እንሰቱ መሀል ገብቶ ተደበቀ። ጤዛው ካልሲው ድረስ ዘለቀ። እሱ ግን ስልኩን ለቪዲዮ አዘጋጅቶ፣ ለዘመድ አዝማድ እንዴት አድርጎ እንደሚያሳይ ያወጣል ያወርዳል። ርብቃ አልቅሳ ይቅርታ ስትጠይቀው፣ ዕቃዋን ጭና ስትመጣ፣ ተከራዩ ሲገባ ሁሉ ታየው።

ብዙ አልጠበቀም። መሰላል ግድግዳው ላይ ተደገፈ። ረጅም የዝናብ ልብስ የለበሰ፣ ኮፍያውን እስከ ዓይኑ የደፋ ሰው ቀልጠፍ ብሎ ወጣ። ቆርቆሮው ላይ ተንበርክኮ ብሎኑን ፈታ፤ ወንፊቱን አነሳ፤ ከጉያው ጨርቅ አውጥቶ ቱቦው ውስጥ ጠቀጠቀ።

ኃይለሚካኤል ከእንሰቱ ወጥቶ ሮጠና መሰላሉን በሁለት እጁ ጨበጠ። አሁን ማምለጫ የለውም። ጎረቤቱን ለመቀስቀስ አፉን ሲከፍት ከላይ የስልክ ንግግር ሰማ።

«ሄሎ፣ ተረፈ? ይሄ ጭስ ዛሬም ሊገድለኝ ነው፤ ቁርስ ሳትበላ ና» ትላለች እህቱ።