ዘሪዬ

ወይዘሮ ምንትዋብ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ምላሳቸው ተሳስሯል። ባለቤታቸው አቶ ዘርይሁን ደግሞ ጆሯቸው ደክሟል። ልጃቸው ሶስና ይህን አይታ ለአባቷ አዲስ ዓይነት የጆሮ ማዳመጫ ገዛችላቸው። ማዳመጫው የእናቷን የተኮላተፈ ንግግር እያቃና፣ በድሮው ድምፃቸው ጥርት አድርጎ ያሰማል። «ዘርይሁን፣ ውሃ ስጠኝ» ሲባሉ አቶ ዘርይሁን ወዲያው ይነሳሉ። እፎይ አሉ።

አንድ ቀን ምሳ እየበሉ ማዳመጫው ባትሪ ጨርሶ ዝም አለ። የሚስታቸው ከንፈር ግን ይንቀሳቀሳል። ተጠግተው ጆሯቸውን ሰጧቸው።

«ዘ... ዘሪ... ዘሪዬ» አሉ ወይዘሮ ምንትዋብ እየታገሉ።

ከሠርጋቸው ጀምሮ ሲጠሯቸው የኖሩት እንዲህ ነበር። ማዳመጫው ግን ስህተት መስሎት፣ በየጊዜው ወደ ሙሉ ስማቸው ሲያርመው ከርሟል።

«ከታመምሽ በኋላም ሁልጊዜ እንደዚህ ነው እንዴ ስትጠሪኝ የነበረው?»

ወይዘሮ ምንትዋብ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«እኔ እኮ በሽታው ያስረሳሽ መስሎኝ ነበር» አሉ አቶ ዘርይሁን።

«አ... አንተም... ወዬ... ማለት... ተውክ።»

ይቺን ለመጨረስ ብዙ ደከሙ፤ ምሳውም ቀዘቀዘ። አቶ ዘርይሁን ማዳመጫውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱና የሚስታቸውን እጅ ያዙ።

«ወዬ፣ ምንቴ» አሉ። «በይ ቀጥይ፣ አልቸኩልም።»