የተሰነጠቀው ጥፍር

የባሌ እህት ሔስተር የተቀበረች ዕለት የዘቢብ እርሾዋን ከነጠርሙሱ ከኩሽናዋ ወሰድኩት። አላፍርም። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ባዛር በመጣች ቁጥር ስሜን እየጠራች "የግሪት ዳቦ ለአሳማ ነው" እያለች ሰው ስታስቅብኝ ኖራለች። ዘንድሮ በእሷ እርሾ ጋግሬ የምመሰገነው እኔ ነኝ።

እንስላል የገባበትን ጣፋጭ ሊጥ በጡጫዬ ጨብጬ፣ በአውራ ጣቴና በጠቋሚ ጣቴ መሃል ሽቅብ እየገፋሁ ድቡልቡል ድቡልቡል አድርጌ ሥሩን እንደ አንገት ጨምቄ ቆረጥኩት። ሔስተር በሕይወት ሳለች አጠገቤ ቆማ "አንገቱን እነቂው እንጂ፣ ምን ታባብይዋለሽ?" ትለኝ ነበር። ድቡልቡሎቹን ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን መሄጃ እንዳያገኙ መጋገሪያው ቆርቆሮ ውስጥ አጣብቄ ደረደርኳቸው።

ከምድጃው ሲወጡ ቤቱ እንስላል እንስላል ሸተተ። በእያንዳንዱ ዳቦ አናት ላይ ግን መሃሉ የተሰነጠቀ የአውራ ጣት ጥፍር ምልክት ነበረ። ሔስተር ልጅ ሳለች በር የጨፈለቀው የአውራ ጣቷ ጥፍር እንደዚያ ነበር። የእኔ ጥፍር ደህና ነው።

ለአሳማዎቹ ደፋሁላቸው።

በነጋታው እንደገና ጋገርኩ። ሊጡን እያነቅኩ "ሞተሻል እኮ፣ ሔስተር" አልኳት። "እርሾው አሁን የእኔ ነው።"

ባሌ ሎረንስ ለምሳ ሲገባ ዳቦዎቹን አሳየሁት። አናታቸው ልስልስ ያለ ነው፤ ምንም ምልክት የለባቸውም። ደስ አለኝ። እሱም አንዱን በእጁ ገንጥሎ ቅቤ እየቀባ ቀና ብሎ አየኝና እጁ ቆመ።

"ግሪት፣ አንገትሽን ምን ሆነሽ ነው?"

በጣቴ ዳሰስኩት። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ጎድጓዳ ምልክት ነው፤ መሃሉ ላይ ተሰንጥቋል።