የጋሽ ዋለልኝ ጆሮ

ጋሽ ዋለልኝ በቶሮንቶ የበረዶ ሆኪን በአማርኛ የሚያስተላልፉ ብቸኛው ሰው ነበሩ። ማዕረጉን የተቀናቀናቸው ሰው የለም።

የጀመሩት ታክሲ ሲነዱ ነው። ተሳፋሪ እስኪመጣ ጨዋታውን በመኪናው ራዲዮ እየሰሙ ለሌሎቹ ሾፌሮች ይተረጉሙ ነበር። ወሬው የማኅበረሰቡ ራዲዮ ጣቢያ ደረሰና የቅዳሜ ከሰዓቱን ሰጧቸው። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። በዌስተን ፎቆች የሚኖሩ፣ በረዶ ላይ ቆመው የማያውቁ አዛውንት የሰፈሩን ቡድን፣ የነብሮቹን፣ ተጫዋቾች እንደ ጎረቤት ልጅ ለይተው ያውቃሉ። ዘጠኝ ቁጥሩን «ሙሽራው»፣ ግብ ጠባቂውን «ዘበኛው» ያሏቸው ጋሽ ዋለልኝ ናቸው።

ችግሩ ዓይናቸው ነበር። ሁለቱንም ሞራ ጋርዶታል። ከአዳራሹ ጣሪያ ሥር ካለችው ጠባብ ክፍላቸው ቁልቁል ሲመለከቱ፣ ነጭ ነገር ላይ የሚርመሰመስ ጥላ እንጂ ሌላ አይታያቸውም። ፓኳማ፣ ያቺ ሁሉም የሚያሳድዳት ጥቁር ጎማ፣ ከተሰወረችባቸው ሁለት ዓመት አልፏል። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ካዘዘላቸው ቆየ። እሳቸው ግን ወንበሩን ለቆ የተመለሰ ሰው አይተው አያውቁም።

መላ አላጡም። ጎል ሲገባ የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ የአግቢውን ስም ስለሚጠራ እሱ አያሳስባቸውም። ለቀረው ግን፣ ግራ ጆሯቸው ላይ ትንሽ ማዳመጫ ሰክተው፣ ኪሳቸው ካለች ራዲዮ የእንግሊዝኛውን ስርጭት ይሰማሉ። የሰሙትን ወደ አማርኛ አዙረው ጨውና በርበሬ ጣል ያደርጉበታል። ማዳመጫውን አይቶ ለሚጠይቃቸው «የመስሚያ መሣሪያ ነው» ይላሉ። ሰው ሁሉ ለጆሯቸው ሲያዝን ዓይናቸውን የጠረጠረ አልነበረም።

የእንግሊዝኛው አስተላላፊ ኢዮብ ይባላል። ዳንፎርዝ አካባቢ ተወልዶ ያደገ የሃያ ስድስት ዓመት የአበሻ ልጅ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት የቀድሞው አስተላላፊ ጡረታ ሲወጣ፣ አለቆቹ ድምፁን ወደውለት ከአየር ሁኔታ ዜና አንስተው እዚያ አስቀመጡት። ክፍሉ ከጋሽ ዋለልኝ ክፍል በአንዲት ስስ ሳንቃ ነው የምትለየው። እንዴት ነህ ሲሉት «አይም ጉድ፣ ጋሼ» ይላል እንጂ አማርኛ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ጋሽ ዋለልኝ ግን ሙሉ በሙሉ ያምኑታል። «እዚህ የተወለደ ልጅ ሆኪን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው» ይላሉ።

አንድ እሑድ ነገር ተበላሸ። ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥቁር ካፖርት ለብሰው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው ሳሉ፣ ጋሽ ዋለልኝ ጎንበስ ብለው «አባ፣ ይባርኩኝ» አሏቸው። ወሬው እስከ ማታ ብሉር ጎዳና ደርሶ ተመለሰ። ሰኞ ጠዋት የጣቢያው ኃላፊ ናዝራዊት ደወለች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዓይንዎ ያያል?»

«ምን ሆነና?»

«ወይዘሮ ብሩክታዊትን ይባርኩኝ ብለዋቸዋል።»

«የተባረኩ ሴት ናቸው። ምን ነውር አለው?»

ናዝራዊት አልሳቀችም። «የቅዳሜውን ጨዋታ ሪኮርድ አደርጋለሁ፤ የእርስዎንም የእንግሊዝኛውንም። ሁለቱ ማች ካላደረጉ ሰዓቱን ለመዝሙር ፕሮግራም እሰጠዋለሁ።»

ስልኩን አስቀመጡ። ፈርተው ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሰው የሚጠብቃቸው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

ቅዳሜ ናዝራዊት የሁለቱንም ክፍል በር ከፍታ መተላለፊያው ላይ ቆመች። ዓይኗን ከሁለቱ ሰዎች አልነቀለችም። ጋሽ ዋለልኝ ቀና ብለው ሜዳው ላይ እንደ ንስር ያፈጥጣሉ። ኢዮብ አቀርቅሯል፤ አንድ ጆሮውን ከማዳመጫው አውጥቶ ወደ ሳንቃው ተጠግቷል። የተመልካቹን ስሜት እያዳመጠ ነው አለች በልቧ።

በጨዋታው አጋማሽ ጋሽ ዋለልኝን የሚቆረጥሙት ቆሎ ትን አላቸው። ግማሽ ደቂቃ ሙሉ ሳሉ። ደግነቱ ጆሯቸው ውስጥ ያለው ኢዮብም ዝም አለ። ጨዋታው ቆሞ ይሆናል ብለው ውሃቸውን ተጎነጩ፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ሙሽራው ገሰገሰ» ሲሉ ኢዮብም ቀጠለ።

ሁሉም ሲያልቅ ናዝራዊት ሁለቱን ቅጂዎች አንዱን በአንድ ጆሮዋ፣ ሌላውን በሌላው አድርጋ አዳመጠች። ጋሽ ዋለልኝ ግድግዳ ተደግፈው ጠበቁ።

«አንድም የሚለያይ ነገር የለም» አለች በመጨረሻ። «ሙሽራው ሦስት ጊዜ የጎሉን ብረት መምታቱን እንኳን ሁለታችሁም ብላችኋል። እኔ እናንተን ስጠብቅ ጨዋታውን አላየሁትም፤ ግን ሁለት ምስክር ካለ ምን እላለሁ? ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ። ወንበሩ የእርስዎ ነው።»

ጉልበታቸውን ስማ ሄደች። ጋሽ ዋለልኝ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ኢዮብ ሳያውቀው እንጀራቸውን አትርፎላቸዋል። እውነቱን ሊነግሩትና ሊመርቁት ወደ ክፍሉ በር አመሩ።

ኢዮብ ቀድሟቸው ወጣ። መተላለፊያውን ግራና ቀኝ ተመለከተ፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ አናገራቸው።

«ጋሼ፣ ፕሊዝ፣ ሁለተኛ ቆሎ እንዳይበሉ። እርስዎ ዝም ሲሉ እኔ ምን ልበል? እኔ እኮ የባስኬትቦል ልጅ ነኝ፤ ያቺን ፓክ አንድም ቀን አይቻት አላውቅም።»