የዶክተሩ አሥራ ሁለት እንቁላሎች

ጎረቤት «ዶክተር» የሚለው በሹፈት ነው። ሰውዬው መዝገብ ቤት ፋይል ደርዳሪ ነው፤ ግን እንቁላል በባዶ እጁ አይነካም፤ ጓንት ያጠልቃል።

እንቁላሎቹም ተራ አይደሉም። ሲልኪ ከሚባለው የዶሮ ዘር ናቸው፤ ላባው የተባዘተ ጥጥ የሚመስል፣ ቆዳው ጥቁር፣ እግሩ አምስት ጣት። አሥራ ሁለቱን ከአንዲት ሴት ዶሮ ጋር ገዝቶ መጣ። ዶሮዋ ያገኘችው ነገር ላይ ሁሉ ትተኛለች፤ አንድ ቀን የሚስቱን ሸበጥ ታቅፋ ተገኘች። «ሥራ ፈት» አላት ዶክተር። እሱ የጫጩት መፈልፈያ ማሽን አለው።

ማሽኑን ሳሎን ጥግ አስቀምጦ፣ በየእንቁላሉ አንድ ጎን ኤክስ፣ በሌላው ጎን ክብ በእርሳስ ጻፈ፤ ጠዋት ኤክሱ፣ ማታ ክቡ ወደ ላይ እንዲሆን። ሃያ አንድ ቀን ነው። ጫጩቶቹ ሲወጡ ማደጊያ ይፈልጋሉ፤ ማደጊያ የተባለው ደግሞ አማቱ የምትተኛበት የጓሮ ክፍል ነው። አሮጊቷ ወደ ወንድ ልጇ ትሄዳለች። ያ ልጅ እናቱን ከዓመት ዓመት የማይጠይቅ፣ «ቤቴ ጠባብ ነው» ባይ ነው። ሚስትየው አለቀሰች። ዶክተር ግን ቆረጠ፦ ከተፈለፈሉ እማማ ይሄዳሉ፤ ካልተፈለፈሉ ማሽኑን ሸጦ ነገሩን ይተዋል።

ታዲያ አማት ምን ታስብ? ማንም በሷ ቦታ ቢሆን የሚያስበውን ነዋ። ዶክተርም ይህ አልጠፋውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብሎ፣ ማሽኑ አጠገብ ዝር እንዳትል አስጠነቀቃት።

በአምስተኛው ቀን ከሥራ ሲመለስ ፍሪጁ ሥር ውሃ ተኝቷል። ቀኑን ሙሉ ቤት ተቀምጠው ይህን መወልወል አቃተዎት ወይ ብሎ አማቱን ተቆጣ። ሮጦ ማሽኑን አየ፤ መብራቱ በርቷል፤ አሥራ ሁለቱም ቦታቸው ናቸው። ዶሮዋ ግን የለችም። ሚስቱም ለእራት እንቁላል ልታወጣ ፍሪጁን ብትከፍት አንድም አጣች። ዶክተር ፍርዱን ሰጠ፤ ሆዷ አምላኳ የሆነ ሴት ዶሮውንም እንቁላሉንም አስከትላ በልታዋለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሮጊቷ ታምሜያለሁ ብላ ክፍሏን ዘጋች። ሬዲዮዋን እስከ ጥግ ትከፍታለች። ምግቧ በሯ ድረስ ይሄዳል፤ ሳህኑ ፍርፋሪ እንኳ ሳይቀርበት ይመለሳል። እንዲህ ያለውን በሽታ ለሁላችንም ያድርግልን።

ዶክተር በበኩሉ ደብተሩ ላይ «እንቁላሎቹ እያደጉ ነው» ብሎ ጻፈ። እውነትም ወፈር ብለዋል። ኤክሶቹም ጠመም ጠመም ብለዋል፤ ቅርፊቱ ሲለጠጥ ነው አለ። መሥሪያ ቤት ይህን ሲያወራ የሳቀው ሹፌሩ ብቻ ነው።

ሃያ አንደኛው ቀን ቅዳሜ ዋለ። ዶክተር ሹፌሩንና አንድ ሌላ ባልደረባውን ጋበዘ፤ የሚስቱም ወንድም እናቱን የሚወስድበትን መኪና ይዞ ተጠራ። ሁሉም ማሽኑን ከበው ተቀመጡ። እስከ ምሳ ዝም። ከምሳ በኋላም ዝም። ሹፌሩ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ እኮ ሲለው፣ ዶክተር አንዱን አንስቶ ሳህን ላይ ሰበረው። አስኳልና ሽታ ብቻ ወጣ። የሌላውን ኤክስ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየው፤ የሱ እጅ ጽሑፍ አይደለም።

«በልታቸዋለች» አለ። «አሥራ ሁለቱንም በልታ የፍሪጅ እንቁላል ስታስታቅፈኝ ከረመች!»

ማንም አልተከራከረላትም ለአሮጊቷ። ወንድ ልጇ ጭራሽ የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ከተተ፤ ሌባ ቤቱ አያስገባም። ዶክተርም ዛሬውኑ መንገድ ላይ እንደሚጥላት ምሎ ወደ ጓሮ ሄደ፤ ሚስቱ እያለቀሰች ተከተለችው።

በሩን በርግዶ ገባ። አሮጊቷ ጫማዋን አጥልቃ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሻንጣዋ ተዘግቶ አጠገቧ ቆሟል።

«እንቁላሎቼን የት አደረሷቸው?»

አሮጊቷ ሬዲዮውን ዘጋች። ጎንበስ ብላም እስከ መሬት የወረደውን ብርድ ልብስ ገለጠችና፣ ከአልጋው ሥር ያቺ ሥራ ፈት ዶሮ የተቀመጠችበትን ካርቶን አሳየችው።

«ቀስ በል ልጄ፣ ታስደነግጣቸዋለህ» አለችው፤ «ፍሪጁ ውሃ የለቀቀ ቀን መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ቢበርድባቸው ለዶሮዋ ሰጠኋቸው፤ ዘጠኙ ወጥተዋል፤ ሦስቱ እስኪፈለፈሉ ብቻ ታገሠኝ፣ ክፍሉን እለቅላቸዋለሁ።»