ሙሉ ቅጠል

ኤውሎሂያ በረዶው ላይ ተንበርክካ የኮካ ቅጠል መያዣ ከረጢቷን ስትበረብር፣ በአንድ ገመድ ከኋላዋ የታሰረችው ምራቷ ማክሲማ ፀሐይዋን በስጋት ትመለከት ነበር። ከፊታቸው የበረዶው ስንጥቅ አፉን ከፍቷል። መሻገሪያው ቀጭን የበረዶ ድልድይ ነው፤ ፀሐይዋ በበረታች ቁጥር ይላላል። ለኢሊማኒ ተራራ ሦስት ሙሉ ቅጠል ሳይሰጡ መሻገር ግን አይታሰብም፤ የተቀደደ ቅጠል መስጠት ደግሞ ተራራውን መስደብ ነው።

«እማማ፣ ይፍጠኑ እንጂ! በረዶው እየላላ እኮ ነው።»

«ዝም በይ! አንቺ ድንቹንም ሳይበስል ነው የምታወጪው።» አንድ ቅጠል አንስታ ጣለች። «ይሄም ተቀዷል።»

ማክሲማ አንገቷን አስግጋ አየች። አማቷ ሌላ ቅጠል አወጣች፤ ሙሉ ነበር። ጫፉን በአውራ ጣቷ ጥፍር ቀስ ብላ ቀደደችው። «ይሄም!» ቅጠሉን ስትጥል ዓይኗ ከስንጥቁ አልተነሳም። ትናንት ከተራራው ግርጌ ድንኳኖቹ ዘንድ «በቀሚስ ደግሞ ተራራ ይወጣል?» ብለው ለሳቁት ወንዶች፣ «ጫፉ ላይ ቆሜ እጨፍርላችኋለሁ!» ያለችው ይህችው ሴት ነበረች።

ማክሲማ የራሷን ከረጢት ከብብቷ አወጣች። ጠዋት መርጣ ያስቀመጠቻቸው ሦስት ሙሉ ቅጠሎች ከላይ ተደርድረዋል። በጡጫዋ ጨብጣ አደቀቀቻቸው።

«የኔም ደቋል፣ እማማ። ዛሬስ ተራራው አልፈቀደልንም።»

ኤውሎሂያ ዞር ብላ የምራቷን መዳፍ አየች። ከዚያ እሱኑ መዳፍ ይዛ ተነሳች።

«አንቺ መቼ የዕቃ አያያዝ ታውቂያለሽ!» ብላ ተቆጣቻት፤ እጇን ግን ቶሎ አልለቀቀችውም።