የእትዬ ረምላ ማመልከቻ

እትዬ ረምላ ከአንጋጫ ለቅሶ ተመልሰው የግቢያቸውን በር ሲከፍቱ ክው አሉ። የውሃ ቧንቧ የሚዘረጉት ሠራተኞች ጓሮውን ከዳር እስከ ዳር ቆፍረውታል፤ ሰባት ዓመት የለፉበት እንሰት ከነሥሩ ተነቅሎ ቦዩ አፋፍ ላይ ተጋድሟል። አላለቀሱም። የአንዱን ግንድ ጭቃ በመዳፋቸው ጠረጉለትና አጥሩ ዘንድ ወደቆመው ጎረቤታቸው ወደ መምህር አቤሴሎም ዞሩ።

«አንተ ብትኖር ዝም አትልም ነበር። ትምህርት ቤት ነበርክ አይደል?»

«አዎ፣ እትዬ» አለ። ዋሸ። ያን ቀን ቤቱ ነበር። መሐንዲሱ መስመሩ በየት እንደሚያልፍ ሲያማክረው፣ አዲስ ያስነጠፈውን የግቢውን ድንጋይ እያየ፣ «በእሳቸው በኩል ይሻላል፤ ምንም አይሉም» ያለው ራሱ ነው።

«እንግዲያው ለውሃ ጽሕፈት ቤቱ ማመልከቻ ጻፍልኝ፤ እኔ እንደሁ ፊደል አልቆጠርኩም። ማን ፈቅዶላችሁ ነው በልልኝ።»

ደጃፋቸው ላይ ተቀምጦ ጻፈ። መሃል ላይ እስክሪብቶውን አንስቶ የግቢውን ድንጋይ አሻግሮ አየ፤ ከዚያ አንድ መስመር ጨምሮ ቀጠለ። እሳቸው ለፊርማው አውራ ጣታቸውን በእስክሪብቶ ቀለም አጥቁረው ጠበቁት።

«በል አንብብልኝ፤ ሳልሰማ አልፈርምም።»

አነበበ። ድምፁ እየሰለለ እዚያች መስመር ላይ ደረሰ። «...እኔ በሌለሁበት የቆፈሩት፣ ጎረቤቴ መምህር አቤሴሎም በእኔ በኩል እንዲያልፉ ስለነገራቸው ነው።»

የጠቆረው ጣት አየር ላይ ቀረ። እትዬ ረምላ ትክ ብለው አዩት፤ እሱ ግን ቀና ማለት አልቻለም። ከዚያ ወረቀቱን ከጉልበቱ ላይ ሳቡና ጣታቸውን አጥብቀው አተሙበት።

«ነገ ራስህ ወስደህ ትሰጥልኛለህ» አሉት።