የሒሳብ አስተማሪዋ ስጦታ

የሒሳብ አስተማሪዋ ከትምህርት ቤቱ ሁለት ታክሲ የሚያስይዝ ሰፈር ድረስ የሄደችው የሚያውቃት ሰው እንዳያጋጥማት ነው። የስጦታ ሱቁ ጠባብ ነበር። ባለሱቁ ከባንኮኒው ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሪባን ይቆርጣል።

«ለአስተማሪ የሚሆን ነገር ፈልጌ ነበር» አለችው። «ረከስ ያለ።»

«ለልጅሽ አስተማሪ ነው?»

«አዎ» አለች፣ ልጅ ሳይኖራት።

ያሏት አባቷ ብቻ ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መስኮቱ ሥር ሬዲዮ አቅፈው ይውላሉ። የቤት ኪራዩም የዓይን ጠብታውም የሚወጣው ከእሷ ደመወዝ ነው፤ ደመወዟ ደግሞ የተንጠለጠለው በአንድ ዓመት ውል ላይ ነው።

ትምህርት ቤቱ አንድ ልማድ አለው። ትምህርት በሚዘጋበት ቀን አዳራሹ ውስጥ ለእያንዳንዱ አስተማሪ ጠረጴዛ ይዘረጋል፤ ልጆችና ወላጆች የምስጋና ስጦታቸውን እዚያ ላይ ያኖራሉ። ዳይሬክተሯ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ በጠረጴዛዎቹ መሀል ትዞራለች። ባዶ ጠረጴዛ ስታይ ምንም አትልም። ብቻ ውሉ ሳይታደስ ይቀራል። የቀድሞው የሒሳብ አስተማሪ የተሰናበተው በዚሁ ነው፤ እሷም የተቀጠረችው በእሱ ቦታ ነው።

ልጆቹ «ቀይ እስክሪብቶ» ይሏታል። እርማቷ ምሕረት አያውቅም። ለቀይ እስክሪብቶ ስጦታ ይዞ የሚመጣ ልጅ እንደሌለ ደግሞ ከማንም በላይ እሷ ታውቀዋለች።

ባለሱቁ ዕቃ ያወርድላት ጀመር። የአንገት ልብሱ ያምራል፤ ግን ይህን የመሰለ ነገር የሰጠሽ ማን ነው ቢሏትስ? እስክሪብቶው ርካሽ ነው፤ ለቀይ እስክሪብቶ እስክሪብቶ መስጠት ግን ስድብ ይመስላል። የእጅ ቅባቱ ሽታው ራስ ያዞራል። ብዙ ካማረጠች በኋላ ክዳን ያለው የሻይ ኩባያ አነሳች።

«እሱ ሥሩ ላይ ጭረት አለበት፤ ዋጋውን የጣልኩትም ለዚያ ነው» አላት። «መቼም አስተማሪዋ ገልብጣ አታይ።»

«ገልብጣ የምታይ ናት» አለች ሳታስበው።

ባለሱቁ ሳቀ። «ክፉ ናታ!»

«በጣም።»

«ታዲያ ለእሷ ብለሽ ምን እንዲህ አንቆራጠጠሽ፣ እህቴ?»

«ባዶ እጇን ከቀረች የምጎዳው እኔ ነኝ» አለች። ባለሱቁ ኩባያውን በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቅልሎ በቀይ ሪባን አሰረው።

«ካርዱንስ ልጻፍልሽ? አራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ጽሑፌ እስከ ዛሬ የልጅ ጽሑፍ ነው። አንዲት የብዙ ልጆች እናት ደንበኛ አለችኝ፤ በየዓመቱ ለልጆቿ አስተማሪዎች መዓት ዕቃ ትወስዳለች፣ ካርዱን ሁሉ የምጽፍላት እኔ ነኝ። በዋጋ እንዳንቺው ታደርቀኛለች እንጂ ደግ ሴት ናት።»

«አይ፣ ልጄ ራሷ ትጽፈዋለች።»

ልጇ የገዛ ግራ እጇ ነበር። ቤት ገብታ ካርዱን ዘርግታ ስትታገል ፊደሎቹ ግማሹ ወደቁ፣ ግማሹ ተንጋደዱ። «ለምወድዎ የሒሳብ አስተማሪዬ። አመሰግናለሁ።»

«ምንድን ነው የምትቧጭሪው?» አሉ አባቷ ከመስኮቱ ሥር።

«እርማት ነው፣ አባባ።»

«ለእነዚያ ልጆች እንዲህ ስትደክሚ ከርመሽ፣ ነገ ምን ያመጡልሽ ይሆን?»

«እናያለን፣ አባባ» አለች፤ ፊቷን እንደማያዩት እያወቀች ፊቷን አዞረች።

በማግስቱ ከሁሉ ቀድማ አዳራሽ ገባችና ኩባያውን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረችው። የጎን ጠረጴዛው የቋንቋ አስተማሪዋ ነው። መምህራኑ በሌለችበት «ንግሥቲቱ» ይሏታል። በየዓመቱ ስጦታዋ ከጠረጴዛው አልፎ ወንበር ላይ ይከመራል፤ ዳይሬክተሯም ስሟን ጠርታ አትጠግብም። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ራሷን ማስዋብ ብቻ ነው ሥራዋ እያሉ ያሟታል። ሰሞኑንም ውፍረት ልቀንስ ብላ ምሳ ትታለች፤ ታክሲም ትታ በእግሯ ነው የምትመላለሰው።

ልጆቹ ገቡ። አንዲት ልጅ አበባ ይዛ ወደ ሒሳብ አስተማሪዋ ጠረጴዛ ቀረበች፤ ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ደንግጣ አለፈች። ኩባያው ብቻውን ቀረ።

ንግሥቲቱ ከክምሯ ጀርባ ስታያት ቆይታ ተነሥታ መጣች።

«ይቺ ከማን ናት?»

«ከ... ከአንድ ልጅ።»

«ከየትኛው?»

ንግሥቲቱ ሪባኑን በጣቷ ዳበሰችው፤ ፈታችውና ኩባያውን ገልብጣ ሥሩን አየች። ከዚያ ካርዱን አንሥታ ረጅም ጊዜ አየችው። ሁለት ዐረፍተ ነገር ለማንበብ ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም። ቀና አለችና ተጣራች።

«ዳይሬክተር! እስቲ አንዴ ወዲህ ይበሉ!»

የሒሳብ አስተማሪዋ ፊት አባቷ፣ ኪራዩ፣ የዓይን ጠብታው ባንድ ጊዜ ተደቀኑ። ዳይሬክተሯ እጆቿን እንዳጣመረች መጣች።

«ይህን ያንብቡልኝ» አለች ንግሥቲቱ፣ ካርዱን እየዘረጋች።

ዳይሬክተሯ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ አነበበች፤ ደግማ አነበበች። ከዚያ ካርዱን ቦታው መለሰችው።

«ቁጡ አስተማሪም ይወደዳል ለካ» አለች። «በይ፣ ትምህርት ሲከፈት እንገናኛለን።» ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈች።

ንግሥቲቱ ኩባያውን ጭረቱ እንዳይታይ አድርጋ አስቀመጠችው፤ ሪባኑንም መልሳ አሰረችው። ከዚያ ወደ ሒሳብ አስተማሪዋ ጆሮ ጎንበስ አለች።

«እኔም የመጀመሪያው ዓመት በግራ እጄ ነበር የምጽፈው፤ አሁንስ ባለሱቁ ይጽፍልኛል።»